የነርስ ሥራ ምንድን ነው? ሙያው፣ ግዴታውና የእኛ ድርሻ



«ስታድጉ ምን ለመሆን ትፈልጋላችሁ?» የሚል ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሲቀርብ ብዙዎቻችን «ዶክተር»፣ «ኢንጂነር»፣ «ፓይለት» ብለን እንመልሳለን። «ነርስ» ብሎ እጁን የሚያወጣ ግን ጥቂት ነው። ነርስ መርፌ የምትወጋ፣ ቁስል የምታጥብና ተራ የምትጠራ ሰው ብቻ መስላ ስለምትታየን ይሆናል። ይሁን እንጂ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣን ሰው «ማን ነው የረዳህ?» ብትሉት በመጀመሪያ የሚያነሣው ብዙውን ጊዜ ሌሊት እየመጣች ያየችውን ነርስ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የነርስ ሥራ ምን እንደ ሆነ፣ ግዴታዋ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድና እኛ ተማሪዎች በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለን እንመለከታለን። ጽሑፉ የተዘጋጀው ነርስ ለመሆን ለሚያስቡ ብቻ አይደለም። በካምፓችን እናቱን፣ አያቱን ወይም ጎረቤቱን ይዞ ክሊኒክ የሚሄድና የሚያስተረጉም ተማሪ ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የነርሷ የሥራ ረዳት ነው። እንደሚታወቀው ካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ጀምሮ ከሱዳን፣ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያ፣ ከኮንጎና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ሰዎች አብረው የሚኖሩበት ቦታ ነው። በአንድ ዋርድ ውስጥ አምስትና ስድስት ቋንቋ ይነገራል። በእንዲህ ያለ ቦታ የነርስ ሥራ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል።

ከየት ተነሣ?

በሽተኛን መንከባከብ የሰው ልጅ የቆየ ልማድ ነው። በአገራችን «አስታማሚ» የሚባለው ሰው ከታመመው አጠገብ የሚቀመጥ፣ ውሃ የሚያቀምስ፣ የሚደግፍና የሚያጽናና ዘመድ ነው። ይህ ሥራ በትምህርት የሚገኝ፣ የራሱ ሕግና ደንብ ያለው ሙያ የሆነው ግን በቅርብ ዘመን ነው።

በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ስሟ የታወቀው እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1820 ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ 38 ሴቶችን አስከትላ በቁስጥንጥንያ አጠገብ ወደሚገኘው የስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ሄደች። እዚያ የተገኘው ነገር አስደንጋጭ ነበር። ወታደሮቹን በብዛት ይገድላቸው የነበረው የጦር ቁስል ሳይሆን ተቅማጥ፣ ተስቦና የመሳሰለው በሽታ ነበር። ሆስፒታሉ የቆመው በተደፈነ የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ላይ ነበር። መውረጃው ከተጠረገና አየር እንዲገባ ከተደረገ በኋላ የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ናይቲንጌል የሞቱትን ሰዎች ቁጥርና የሞታቸውን ምክንያት በሥዕላዊ መግለጫ አዘጋጅታ ለመንግሥት አቀረበች። እ.ኤ.አ. በ1860 ደግሞ ለንደን በሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የልደቷ ቀን ሜይ 12 ዛሬ የዓለም የነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዘመናዊ ሕክምና በስፋት መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 ከዓድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ነው። በሙያው የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ነርሶች ለመገኘት ግን ብዙ ዓመት ወስዷል። ከቀደሙት መካከል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ይገኙበታል። ልዕልት ፀሐይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአባታቸው ጋር በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ፣ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 ገና በወጣትነታቸው ወለጋ ውስጥ አረፉ። በአዲስ አበባ በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠርቷል። ልዕልቲቱ ሙያቸውን የተማሩት በስደት ላይ ሳሉ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ ወዲህ የነርስ ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባ ተከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም በየገጠሩ የሚሠሩ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር።

ዋናው ሥራ፦ ማየት

ሐኪም በሽተኛውን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በዙር ያያል። ከእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረውን ሰዓት፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ በሽተኛው ያለው በተረኛ ነርሶች እጅ ነው። ስለዚህ በሽታው ሲብስ ወይም ሲሻል በመጀመሪያ የምታየው ነርሷ ናት። እርሷ ካላየችው ሐኪሙ አይጠራም፤ ሐኪሙ ካልተጠራ ደግሞ በፋርማሲ ያለው መድኃኒት ሁሉ ጥቅም የለውም።

ነርሷ የምታየው በዓይን ብቻ አይደለም፤ በመለካትም ጭምር ነው። ዘወትር የምትለካቸው አራት ነገሮች አሉ። እነርሱም የሰውነት ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽና የደም ግፊት ናቸው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። የሕፃናት ግን ይለያል። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን ሳል ይዞት በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ መታየት አለበት። ይህን ለመቁጠር ሰዓትና ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ እያለቀሰ ሳይሆን ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ደረቱ ሲነሣ እየታየ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ነው። ለምሳሌ ያህል ማታ በ4 ሰዓት የወለደች አንዲት እናት እናስብ። በ5 ሰዓት የልብ ምቷ 84 ነበር፤ በ5 ሰዓት ተኩል 96 ሆነ፤ በ6 ሰዓት 112 ደረሰ። የደም ግፊቷ ግን በሦስቱም ጊዜ 110 በ70 ነው። ነርሷ «እንዴት ነሽ?» ስትላት «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ትንሽ ደከመኝ እንጂ ደህና ነኝ» ትላታለች። የደም ግፊቱን ብቻ ያየ ሰው፣ የእናቲቱንም መልስ ያመነ ሰው፣ «ተኝታ ትደር» ብሎ ይሄዳል።

ሙያዋን የምታውቅ ነርስ ግን አትሄድም። ደም የሚፈሰው ሰው የደም ግፊቱ ከመውረዱ በፊት ልቡ መፍጠን እንደሚጀምር ተምራለች። ስለዚህ ብርድ ልብሱን ገልጣ ደሙን ታያለች፤ ሆዷን ዳብሳ ማህፀኑ እንደ ኳስ ጠንክሮ ወይም ላልቶ እንደ ሆነ ትመረምራለች። ላልቶ ካገኘችው እያሸች ሰው ትጠራለች፤ ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት እንዲዘጋጅ ታደርጋለች። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። በዚያች ሌሊት በሞትና በሕይወት መካከል የቆመው ሦስት ቁጥሮችን ያነጻጸረች አንዲት ነርስ ናት።

ከዚህም ሌላ ከአልጋ መነሣት የማይችል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ካልተለወጠ በቂጡ አጥንት፣ በተረከዙና በዳሌው ላይ የመኝታ ቁስል ይወጣበታል። ይህ ቁስል ሲጀምር ቀላል ቅላት ነው፤ ችላ ከተባለ ግን እስከ አጥንት ይደርሳል። አፍን ማጽዳት፣ ገላን ማጠብ፣ አንሶላ ማስተካከል ተራ ሥራ ይመስላል። ነርሷ ግን በሽተኛውን ስታጥብ ቆዳውን እየመረመረች ነው።

መድኃኒትና ሒሳብ

ነርስ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት አምስት ነገሮችን ታረጋግጣለች። እነርሱም፦

1. ትክክለኛው በሽተኛ ነው ወይ?
2. ትክክለኛው መድኃኒት ነው ወይ?
3. ትክክለኛው መጠን ነው ወይ?
4. ትክክለኛው መንገድ ነው ወይ? (በአፍ፣ በጡንቻ፣ በደም ስር)
5. ትክክለኛው ሰዓት ነው ወይ?

በእኛ ካምፕ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል አይምሰላችሁ። በአንድ ዋርድ ውስጥ ሁለት ሞሐመድ፣ ሦስት ማርያም ሊኖሩ ይችላሉ። ነርሷ «ሞሐመድ አንተ ነህ?» ብትል ያልገባውም ሰው በአክብሮት «አዎ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ደንቡ «ስምህ ማን ነው? የአባትህስ?» ብሎ መጠየቅና ከካርዱ ጋር ማመሳከር ነው።

በሦስተኛው ነጥብ ላይ የሒሳብ ትምህርት ይመጣል። «ሒሳብ ለምን ይጠቅመኛል?» የሚል ተማሪ ካለ የሚከተለውን ያስላ። አንድ ልጅ 12 ኪሎ ይመዝናል። ሐኪሙ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም አዘዘለት። 12 ሲባዛ በ15፣ 180 ሚሊግራም ይሆናል። ሽሮፑ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም አለው፤ ማለትም በ1 ሚሊሊትር 24 ሚሊግራም። 180 ለ24 ሲካፈል 7.5 ሚሊሊትር ነው። አሁን ነጥቧ ብትረሳ ምን ይሆናል? 75 ሚሊሊትር፣ ማለትም ዐሥር እጥፍ፣ ይሆናል። ይህን ያህል መጠን የልጁን ጉበት ሊጎዳ ይችላል። (ይህ የተሰጠው ለሒሳቡ ምሳሌ ነው፤ ማንም ሰው ይህን አይቶ በቤቱ መድኃኒት አይስጥ።)

ብዙዎቻችን «ግሉኮስ» የምንለው በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽም በሒሳብ ነው የሚወርደው። አንድ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ከታዘዘና ቱቦው በሚሊሊትር 20 ጠብታ የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ይካፈላል፤ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ይመጣል። ነርሷ ሰዓቷን ይዛ ጠብታ ስትቆጥር የምናያት ለዚህ ነው። አንዳንድ አስታማሚ «ቶሎ ይለቅለት» በማለት መቆጣጠሪያውን ይከፍተዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ፈሳሹ ከመጠን በላይ ፈጥኖ ሲገባ፣ በተለይ በሕፃናት፣ በአረጋውያንና በልብ ሕመምተኞች ላይ፣ ሳንባ ውሃ ይሞላና መተንፈስ ያቅታል። ስለዚህ ቱቦውን መንካት የለብንም፤ መውረዱን ካቆመ ወይም እጁ ካበጠ ግን ወዲያው ነርሷን መጥራት አለብን።

መጻፍና ማስረከብ

በሙያው ውስጥ «ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» የሚል አነጋገር አለ። ነርሷ የለካችውን፣ የሰጠችውን፣ ያየችውን ሁሉ ከነሰዓቱ በበሽተኛው መዝገብ ላይ ትጽፋለች። መድኃኒት ሰጥታ ካልጻፈች ቀጣይዋ ነርስ ያንኑ መድኃኒት ደግማ ልትሰጥ ትችላለች። ሳትሰጥ «ሰጥቻለሁ» ብላ ከጻፈች ደግሞ ሐኪሙ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ወደ ሌላ ከባድ መድኃኒት ይሸጋገራል። ስለዚህ ሐሰት የተጻፈበት መዝገብ ምንም ካልተጻፈበት የባሰ ነው።

ሥራ በተራ ስለሚሠራ ርክክብ አለ። ከላይ ያነሣናትን እናት አስቡና ሁለት ዓይነት ርክክብ አወዳድሩ። አንደኛዋ ነርስ «አልጋ 6 ወልዳለች፤ ደህና ናት፤ ተኝታለች» ብላ ትሄዳለች። ሁለተኛዋ ደግሞ «አልጋ 6 ማታ በ4 ሰዓት ወለደች። የልብ ምቷ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ84 ወደ 112 ወጣ። ማህፀኗ ላልቶ ነበር፤ አሁን ጠንክሯል። መድኃኒት ተሰጥቷታል፤ ሐኪሙ አይቷታል። በየሩብ ሰዓቱ ትታይ» ትላለች። ሁለቱም አስረክበዋል። በሽተኛዋን በእርግጥ ያስረከበችው ግን ሁለተኛዋ ናት።

የሙያ ግዴታ እስከ ምን ድረስ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1899 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። ደንቡ በየጊዜው እየተሻሻለ እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገና ወጥቷል። በዚህ ደንብ መሠረት የነርስ ዋና ኃላፊነት ጤናን ማጎልበት፣ በሽታን መከላከል፣ ጤናን መመለስ፣ ሥቃይን ማቃለልና ሊድን ላልቻለ ሰው ክብር ያለው አሟሟት እንዲኖረው መርዳት ነው። ከዚህ ኃላፊነት የሚከተሉትን ግዴታዎች ማውጣት ይቻላል።

አለማዳላት። ነርስ በሽተኛን በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አቋም አትለይም። ይህ እንደ እኛ ባለ ቦታ ለአፍ ቀላል፣ ለሥራ ግን ከባድ ነው። በጦርነት በሁለት ወገን የነበሩ ሰዎች ጎን ለጎን በተዘረጋ አልጋ ላይ ሊተኙ ይችላሉ። የነርሷ የራሷ ወንድም በአንደኛው ወገን እጅ ሞቶ ይሆናል። እንዲህም ሆኖ ቅድሚያ የምትሰጠው ሕመሙ ለጸናበት ነው። ማን እንደ ሆነ ሳይሆን ምን እንደ ሆነ ትጠይቃለች።

ምስጢር መጠበቅ። ካምፕ ጠባብ ነው፤ በጠዋት በክሊኒክ የተነገረ ነገር ማታ በውሃ ቦምባ ሰልፍ ላይ ይሰማል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሆኖም ሰው በሽታውን የሚደብቀው ምስጢሩ እንዳይወጣበት ሲፈራ ነው። አንድ ጊዜ ምስጢር ከወጣ ሌሎች ዐሥር ሰዎች ለምርመራ ሳይመጡ ይቀራሉ።

ፈቃድ መጠየቅ። በሽተኛው ምን እንደሚደረግለትና ለምን እንደሚደረግለት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ሳይገባው ጣቱን ቀለም ነክሮ የፈረመ ሰው ፈቅዷል አይባልም።

መጠየቅና መናገር። ነርስ የታዘዘው መጠን የተሳሳተ ከመሰላት ከመስጠቷ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለባት። «ታዝዤ ነው» ማለት ከኃላፊነት አያድንም፤ መድኃኒቱን የሰጠችው እጅ የራሷ ናትና። ታላቅን መጠየቅ በእኛ ባህል እንደ ድፍረት ይታያል። በሙያው ግን ዝምታው ነው ጥፋቱ።

እኛ አስተርጓሚዎች

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ነርሷ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ እናታችን አማርኛ ብቻ ያውቃሉ። በመካከል ያለነው እኛ ነን። ነርሷ የምታየው በእኛ አፍ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የአስተርጓሚ አደራ ከነርስ አደራ የሚተናነስ አይደለም።

አማርኛ ስለ ሕመም የሚናገርበት የራሱ መንገድ አለው። ቃል በቃል ሲተረጎም የሚያሳስትም ብዙ ነው።

«ልቤን ያመኛል» የሚሉ እናት ብዙውን ጊዜ ጣታቸውን የሚያሳርፉት ከደረት አጥንት በታች፣ ጨጓራ ላይ ነው። «ልብ» ብላችሁ ብትተረጉሙ የልብ ሕመም ምርመራ ሊጀመር ይችላል። ጨጓራ ነው ብላችሁ በራሳችሁ ብትወስኑ ደግሞ እውነተኛ የልብ ሕመም ሊታለፍ ይችላል። መፍትሔው «እማማ፣ የት ላይ እንደ ሆነ በጣትዎ ያሳዩ» ማለትና ያሳዩትን መናገር ነው።

«ሆድ ባሰኝ» ማለት ሆድ ታመመ ማለት አይደለም፤ ኀዘንና ብቸኝነት ነው። ይህን የተቅማጥ መድኃኒት አያድነውም። ለነርሷ «አዝነዋል፤ ልባቸው ተሰብሯል» ተብሎ መነገር አለበት። የልብ ስብራትም ሕክምና አለውና።

«ደም ብዛት» የደም ግፊት መጨመር ነው። «ስኳር አለብኝ» የስኳር በሽታ ነው። «የወፍ በሽታ» ዓይን ቢጫ የሚሆንበት የጉበት ሕመም እንጂ ከወፍ የተያዘ በሽታ አይደለም። «ምች መታኝ» ሲሉ ደግሞ ስሙን ከመተርጎም ይልቅ ምን እንደተሰማቸው መጠየቅ ይበጃል። ትኩሳት ነው? ራስ ምታት ነው? ከንፈር ላይ የወጣ ቁስል ነው? ምች የተባለው ትኩሳት ወባ ሊሆን ስለሚችል ደም መመርመር ያስፈልጋል።

ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» የሚለው መልስ ነው። ይህ የሰላምታ ወግ እንጂ የሕመም መግለጫ አይደለም። አባታችን ሌሊቱን ሲያቃስቱ አድረው ነርሷ «እንዴት አደሩ?» ስትላቸው «ተመስገን፣ ደህና» ይላሉ። አስተርጓሚው ይህንኑ «ደህና ናቸው» ብሎ ካለፈ ነርሷ ወደ ሌላው አልጋ ትሄዳለች። ትክክለኛው መንገድ የተናገሩትን ተርጉሞ፣ በእርሳቸው ፈቃድ «ሌሊት ግን ሲያቃስቱ ነበር» ብሎ ለይቶ መጨመር ነው።

በአጭሩ የአስተርጓሚ ደንቦች እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ የተባለውን ሁሉ፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መተርጎም።
ሁለተኛ፣ ያልገባንን ቃል በግምት አለመተርጎም፤ «አልገባኝም» ማለት ነውር አይደለም።
ሦስተኛ፣ በበሽተኛው ፈንታ አለመመለስ።
አራተኛ፣ የሰማነውን ምስጢር ለማንም፣ ለቤተሰብም ቢሆን፣ አለመናገር።
አምስተኛ፣ ከአቅማችን በላይ ሲሆን «ሌላ ሰው ይፈለግ» ማለት።

አምስተኛው ደንብ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያሻዋል። አንዲት እናት በወንድ ልጇ ፊት ስለ ማህፀኗ ወይም ስለ ደረሰባት በደል አትናገርም። ብትናገርም ጎደሎ ትናገራለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ልጁ ለነርሷ «እባክዎ ሴት አስተርጓሚ ይፈልጉልን» ቢላት እናቱን ረዳ እንጂ ከሥራ ሸሸ አይባልም። እንዲሁም ከባድ ሕመም ሲነገር ልጅ እንዲተረጉም መገደድ የለበትም። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንደ መርዶ ነው፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጊዜ ተጠብቆ፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራል። ከዚህ ልማድ የተነሣ አንዳንድ ልጅ ነርሷ የተናገረችውን ደብቆ «ትድናለህ ትላለች» ብሎ ለአባቱ ይተረጉማል። ልጁ ይህን የሚያደርገው ከፍቅር ነው። ሆኖም አባትዬው ስለ ገዛ ሕይወቱ ሳይወስን፣ ኑዛዜውንም ሳይናገር ይቀራል። ይልቅ ልማዳችንን ለነርሷ ማስረዳትና ወሬው ከአባትዬው ፈቃድ ጋር በታላቅ ሰው በኩል እንዲነገር ማድረግ ይሻላል።

አስታማሚዎችስ?

ሦስት ነገር ብቻ እናስታውስ። አንደኛው እጅ መታጠብ ነው። በሽተኛን ከመንካት በፊትና በኋላ፣ ከምግብ በፊት፣ ከመጸዳጃ በኋላ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ መታጠብ ይገባል። ሁለተኛው ምግብ ነው። ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት ሰው «ምንም አትስጡት» ከተባለ አጥሚትም ቢሆን አይሰጥም። በማደንዘዣ ጊዜ በሆዱ ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባና ሊገድለው ይችላልና። «ባዶ ሆዱን እንዴት ይቀደዳል?» ብለው በነጠላቸው ሥር አጥሚት ደብቀው የሚያስገቡ እናቶች ካሉ ምክንያቱን በትሕትና ማስረዳት የእኛ የተማሪዎች ፋንታ ነው። ሦስተኛው መናገር ነው። ከባህል መድኃኒት የተሰጠ ነገር ካለ፣ ዳማከሴም ይሁን ሌላ፣ ለነርሷ መነገር አለበት። ልትቆጣ ትችላለች በሚል ፍርሃት መደበቅ አይገባም።

ነርስ ለመሆን ለምትፈልጉ

ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ አጥብቃችሁ ያዙ። ስዋሂሊም ተማሩ። ነርስነት የሴት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ወንዶችም በብዛት ይሠሩበታል። ትምህርቱን እስክታገኙ ድረስ ግን ሥራውን ከዛሬ መጀመር ትችላላችሁ። በሽተኛ ጎረቤታችሁን ሄዳችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁም «ደህና ነኝ» የሚለውን ሰምታችሁ ብቻ አትመለሱ። በላ? ጠጣ? ተኛ? ትንፋሹ እንዴት ነው? ከትናንት ዛሬ ምን ተለወጠ? ይህን አይቶ በትክክል የሚናገር ልጅ ነርስነትን ጀምሯል።

የቃላት መፍቻ (በክሊኒክ የሚጠቅሙ የስዋሂሊ ቃላት)

ሆማ፦ ትኩሳት
ማውሚቩ፦ ሕመም፣ ሥቃይ
ዳሙ፦ ደም
ኩሃራ፦ ተቅማጥ
ኩታፒካ፦ ማስመለስ
ኪዙንጉዙንጉ፦ ራስ ማዞር
ዳዋ፦ መድኃኒት

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የልብ ምት ከፍ እያለ የደም ግፊት ሳይለወጥ ቢቆይ ነርሷ ለምን ትጠነቀቃለች?
2. ግማሽ ሊትር ፈሳሽ በ4 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ቢታዘዝ፣ ቱቦው በሚሊሊትር 20 ጠብታ ከሆነ፣ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይወርዳል?
3. በአካባቢያችሁ ስለ ሕመም የሚነገሩ፣ ቃል በቃል ቢተረጎሙ የሚያሳስቱ አነጋገሮችን ሰብስባችሁ በክፍል ውስጥ ተወያዩባቸው።
4. አንድ ተማሪ ለጎረቤቱ ሲያስተረጉም የሰማውን ምስጢር የገዛ እናቱ ብትጠይቀው ምን ብሎ ይመልስ?